ሌሊት አላስተኛ የሚል እግር

 

የዛሬው ርዕሳችን ከእናንተው የመጣ ነው። በየብሎኩ ስንዞር እናቶችም አባቶችም «ልጄ፣ ሌሊት እግሬ አላስተኛ አለኝ። ሕመሙን ግን ምን ብዬ ልንገርሽ?» እያሉ ይጠይቁናል። ዛሬ ስለዚሁ ሕመም ምንነት፣ መነሻና ሕክምና እንነጋገራለን።

ሕመሙ ምን ይመስላል?

ስሜቱን እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ ይገልጸዋል። አንዱ «ጉንዳን በውስጡ የሚሄድ ይመስለኛል» ይላል። ሌላው «ውስጡን ይበላኛል፣ ባከውም አልደርስበትም» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «አጥንቴን ይስበኛል» ትላለች። ሁሉንም የሚያመሳስሏቸው ግን አራት ምልክቶች ናቸው።

1. እግርን አንቀሳቅስ፣ አንቀሳቅስ የሚል ከባድ ስሜት አለ።
2. ስሜቱ የሚጀምረው ወይም የሚብሰው ስንቀመጥ ወይም ስንተኛ ነው።
3. ተነስተን ስንራመድ ወይም እግራችንን ስንዘረጋ ይቀላል። ስናቆም ይመለሳል።
4. ከምሽት ጀምሮ ይብሳል፤ ወደ ንጋት ላይ ይቀላል።

አራቱም ካሉባችሁ ሕመሙ በሕክምና ቋንቋ «ሬስትለስ ሌግስ ሲንድረም» ይባላል፤ እረፍት የማይሰጥ እግር እንደማለት ነው። አዲስ በሽታ አይደለም። ቶማስ ዊሊስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1672 ጽፎበታል። ካርል አክሰል ኤክቦም የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1945 በስፋት አጥንቶ ይህን ስም ሰጠው። ስለዚህ የእርግማን ወይም የመንፈስ ሥራ አይደለም፤ የስንፍናም ምልክት አይደለም።

እኔም ተሳስቼ ነበር

አንዲት የአራት ልጆች እናት ነበረች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነስታ በግቢዋ ውስጥ ትመላለሳለች። ጎረቤት «አእምሮዋን ነክቷታል» እያለ ያማታል። እኔም ቤቷ ስሄድ «አይዞሽ፣ የስደት ሐሳብ ነው» ብያት ወጣሁ። ከጊዜ በኋላ ራሷን እያዞራት ክሊኒክ ስትሄድ ደሟ ተመረመረ፤ የደም ማነስ ተገኘባት። የአይረን ክኒን ጀመረች። ሁለት ወር ገደማ ቆይቼ ስጠይቃት «አሁንስ ሌሊቱን እተኛለሁ» አለችኝ። ሐሳብ እንቅልፍ እንደሚነሳ እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉን ነገር በሐሳብ እያሳበብን የሚድን ሕመም እንዳናልፍ ከእሷ ተምሬአለሁ።

መነሻው ምንድን ነው?

አንደኛውና ለእኛ ዋነኛው የአይረን እጥረት ነው። አይረን ለደም ብቻ ሳይሆን ለአንጎልም ያስፈልጋል። በአንጎል ውስጥ ሲያንስ፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚያግዘው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራው ይዛባል። አይረን የሚያልቀው ብዙ የወር አበባ ሲፈስ፣ ልጆች ተቀራርበው ሲወለዱ፣ የመንጠቆ ትል ሆድ ውስጥ ሲኖር፣ ምግቡም ሥጋ የሌለው የራሽን እህል ብቻ ሲሆን ነው። የጨጓራ ቁስል ያለበት ወይም እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን የሚያዘወትር ሰው ደግሞ ሳያውቀው ከውስጥ ሊደማ ይችላል።

ሁለተኛው እርግዝና ነው። ከአምስት እርጉዞች አንዷን ገደማ ይይዛል፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ይብሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይተዋል። ሦስተኛው የኩላሊት በሽታ ነው። በዘር የሚመጣበትም ጊዜ አለ። እናት ወይም አባት ካለባቸው ልጅም ሊኖርበት ይችላል። ሌሊት እየተራገጠ የሚያድር፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ማለት የሚያቅተው ልጅ ሁሉ ረባሽ አይደለም። «እግርህን ምን ይሰማሃል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ከሱቅ የሚገዛ የእንቅልፍ ክኒን ይጎዳል

እንቅልፍ እንዲያመጣ ተብሎ የሚወሰድ የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፒሪቶን፣ ፕሮሜታዚን ወይም ዳይፈንሃይድራሚን፣ ይህን ሕመም ሊያብስ ይችላል። ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም እንዲሁ ነው። አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሎክሰቲንና ሃሎፔሪዶልም ሊያብሱት ይችላሉ። ለአእምሮ ሕመም የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ሕመሙ ክኒኑን ከጀመራችሁ በኋላ ከመጣ ለሐኪሙ ንገሩት፤ እሱ ይለውጠዋል ወይም መጠኑን ያስተካክላል።

ክሊኒክ ስትሄዱ ምን ትላላችሁ?

«እግሬን ያመኛል» ብቻ ካላችሁ ማስታገሻ ተሰጥቷችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። አራቱን ምልክቶች በአስተርጓሚ በኩል አንድ በአንድ ተናገሩ፤ «ሬስትለስ ሌግስ» የሚለውንም ስም ጥቀሱ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያም የደም ምርመራ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ። ሄሞግሎቢን እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች፣ ለእርጉዝ ከ11 በታች፣ ለወንድ ከ13 በታች ከሆነ የደም ማነስ ነው። ነገር ግን ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ የተጠራቀመው አይረን ያለቀበት ሰው አለ። ይህን የሚያሳየው ፈሪቲን የሚባለው ምርመራ ነው። ይህ ሕመም ላለበት አዋቂ ፈሪቲኑ 75 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አይረን መውሰድ ይጠቅማል ተብሎ ይመከራል።

አይረን ሲታዘዝላችሁ

አይረን የሚወሰደው ተመርምሮ ነው። ትኩሳት ካለ አስቀድሞ ወባ ይታያል። ክኒኑን በሐኪሙ ትእዛዝ፣ በቀን አንዴ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ ቢቻል በባዶ ሆድ ከሎሚ ጭማቂ ጋር ውሰዱ። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ከክኒኑ ነው። ክኒኑን ሳትጀምሩ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን የመድማት ምልክት ነውና ፈጥናችሁ ሂዱ። ለውጥ የሚታየው በሳምንታት ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። በአንድ ሳምንት «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት።

አደራ! የአይረን ክኒን ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ትንሽ ልጅ እንደ ከረሜላ ቢውጠው ሊገድለው ይችላል።

ከምግብ ምስርና ቦሎቄ፣ ጎመን ወይም ሱኩማ ይረዳሉ፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ ሲጨመርበት አይረኑ በደንብ ወደ ሰውነት ይገባል። ገንዘብ በተገኘ ጊዜ የፍየል ሥጋ ከሁሉ ይበልጣል። ቡናችሁን ተዉ አልልም፤ እንዴት ብዬ! ነገር ግን ቡናና ሻይ አይረኑን ይዘው ያስቀራሉ። ስለዚህ ከምግብም ከክኒኑም አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አርቁት። ከቀትር በኋላ የሚጠጣ ቡና፣ ማታ የሚጠጣ አልኮልና ጫት እንቅልፍ ስለሚያውኩ በእነዚህ ሰዓቶች ቀንሱ።

አይረን ሞልቶ ሕመሙ ካልቀረ

ሐኪም የሚያዛቸው ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ዛሬ ቀድመው የሚታዘዙት ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ናቸው። ያፈዝዛሉ፤ ከአልኮል ጋር አይወሰዱም፤ ኩላሊቱ ለታመመ ሰው መጠናቸው ይቀነሳል፤ እርጉዝም ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትወስድም። ቀደም ሲል ፕራሚፔክሶልና ሌቮዶፓ ቀድመው ይሰጡ ነበር። ጊዜ ሲቆይ ግን ሕመሙን ከቀን ጀምሮ ስለሚያመጡትና ስለሚያብሱት አሁን መጀመሪያ አይታዘዙም። እየወሰዱ ያሉም በድንገት አያቋርጧቸው። የጎረቤትን ክኒን መዋስ አያስፈልግም።

ቤት ውስጥ የሚደረግ

ከመተኛት በፊት ባትና ጭናችሁን ዘርጉ፣ እሹ። እግርን በሞቀ ውኃ መዘፍዘፍ ለአንዳንዱ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ ለሌላው ይስማማል። ቀን ላይ መጠነኛ የእግር ጉዞ አድርጉ፤ ማታ ግን ሰውነትን የሚያደክም ሥራ አታብዙ። ሌሊት ሲነሳባችሁ ወደ ውጭ ከመውጣት እዚያው ቤት ውስጥ ቆማችሁ ተንቀሳቀሱ፤ ጨለማው ለብቻ አይመችም። የቤተሰቡ ሰዎችም «ምን ያንቆራጥጥሻል» ከማለት ታገሱ።

ፈጥናችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሂዱ። እግር ካልታዘዘ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ እንዲሁ። መደንዘዝና ማቃጠል ቀንም ሌሊትም ካለ ስኳር ተመርመሩ።

ውድ ወገኖች፣ የእንቅልፍ ማጣት ቀስ በቀስ ጉልበትንም ትዕግሥትንም ይጨርሳል። እግሬ አላስተኛ አለኝ ማለት አያሳፍርም። ያልገባችሁን በየብሎካችሁ ያለውን የጤና ሠራተኛ ጠይቁ፤ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም ይህን ወረቀት አንብቡላቸው።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ መልካም እንቅልፍ፣ መልካም ጤና ይሁንላችሁ። ቸር ያሰማን!