የማኅበረሰብ መዋጮ የሚለው መስመር

ማኅበረሰብ ራሱ ለሚመራው የአካባቢና የጤና ሥራ የሚሰጥ ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ ለተፈረመበት ሥራ ብቻ ይወጣል፣ ሪፖርትና ደረሰኝ ይጠየቅበታል። ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረውና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሠራው የግሎባል ኢንቫይሮመንት ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ነው። ጣሪያው ለአንድ ፕሮጀክት ለብዙ ዓመታት 50 ሺህ ዶላር ነበር።

እኔ የምወደው በበጀት ቅጹ ላይ ብዙ ሰው ሳያነበው የሚያልፈውን መስመር ነው፤ «የማኅበረሰብ መዋጮ» ይላል። ሚዛን ተፈሪም ሆነ ቴፒ ስለ ግራንት ሲወራ «ፈረንጅ የሰጠው ብር» መባሉ ያናድደኛል። ለጋሹ የሚያመጣው በጥሬ ገንዘብ የሚቆጠረውን ብቻ ነው፤ ጉልበቱንና ዕውቀቱን የሚያዋጣው ማኅበረሰቡ ነው፣ ያ መስመርም የእሱ ነው።

በዚህ አገር የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የእንግሊዙ ሃደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ከአገር ውስጥ ማኅበራት ጋር ሆኖ፣ በዋናነት በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ በደቡብ ምዕራብ የአሳታፊ ደን አስተዳደር ፕሮጀክት አካሄደ። ኋላም ሸኮ ላይ የጫካ ቡናን ለመጠበቅ ተሠራ። ብሩ ደን አልገዛም። የዋለው ለስብሰባ፣ ለካርታ፣ ለመተዳደሪያ ደንብና ከመንግሥት ጋር ለሚፈረመው ውል ነው። የውሉ ልብ ግን የደኑ ወሰን ነው፤ ወሰኑን የሚያውቁት ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው። በሸካና በከፋ ቆቦ በሚባለው ልማድ የጫካው ክፍል ቀፎ የሚሰቅልበት ባለቤት አለው፤ የማን ወሰን የት እንደሚያልቅ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል።

አንድ የደን ተጠቃሚዎች ማኅበር የመዋጮ መዝገቡን አሳይቶኛል። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ ስም፣ ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ የተተመነ ብር፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። «ችግኝ ተሸከመ»፣ «ጉድጓድ ቆፈረ» የሚለው ገጹን ሞልቶታል። «ወሰን አሳየ» የሚል ግን አንድም የለም። ወሰኑን ለመለየት ጫካ ለወጡት ሰዎች ጎደሬ ቀቅለው፣ ቡና አፍልተው ያደረሱት ሴቶችም የሉም። ጸሐፊውን ብጠይቀው «እሱማ ሥራ ነው እንዴ? አባቶቻችን ናቸው እኮ ያሳዩን» አለኝ።

ሥራ ነው እንጂ! ከአዲስ አበባ ባለሙያ ቢመጣ ኖሮ አበሉ፣ የመኪናው ነዳጅና የአልጋው ኪራይ በጀቱ ውስጥ ይገባ ነበር። ዋናው ዕውቀት ከመዝገቡ ሲወጣ ማኅበሩ ምንም ያላዋጣ ይመስላል፤ በሚቀጥለው ድርድርም እንደ ተረጂ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ተቀምጠው ፕሮፖዛል የሚጽፉ ሰዎች መዋጮውን አንድም ሽማግሌ ሳያነጋግሩ በግምት ሞልተው ሲልኩ ይህንኑ በደል ያጸኑታል።

በጤናውም ያው ነው። የወንዝ ዝንብ የሚያስተላልፈውን፣ ቆዳ የሚያሳክከውንና ዓይን የሚያጠፋውን ኦንኮሰርካ ለመከላከል በከፋና በሸካ የአይቨርሜክቲን እደላ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀመረ። መድኃኒቱን ሜርክ ኩባንያ በነጻ ይሰጣል። የሚያድለውን ሰው ግን መንደሩ ይመርጣል፤ እሱም በዘንግ ቁመት እየለካ ከ1 እስከ 4 ክኒን ይሰጣል። ያን ሁሉ ቤት ለመዞር የሚፈጀው ቀን የሰፈሩ መዋጮ ነው።

ሕጉም ቢሆን ዘግይቶ ረድቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ከ10 በመቶ በላይ የውጭ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክል ነበር፤ ችግኝ መትከል ይቻል ነበር፣ «ደኑ የማን ነው?» ብሎ መሟገት ግን ያስቸግር ነበር። አዋጅ 1113/2011 ይህን ክልከላ አነሳ። ከዚያ በፊት በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ 1065 ደግሞ የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት ተቀብሏል።

«እኛ መጻፍ አንችልም» ለሚሉ ማኅበራት፣ የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራሙ በአገሬው ቋንቋም፣ በቪዲዮም፣ በፎቶም የቀረበ ሐሳብ የሚቀበልበት አሠራር አለው። ደብተሩን ግን ብሩ እስኪገባ አትጠብቁ፤ የመጀመሪያው ስብሰባ በተጠራበት ዕለት ክፈቱት። ወሰን ያሳዩትን ሽማግሌዎችና ስንቁን ያዘጋጁትን ሴቶች በየስማቸው ጻፉ፤ ቀናቸውንም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ተምኑ።