«መርዝ የለውም» የተባለ ሁሉ አይበላም

የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ አሜሪካ የሚኖር ወላጅ ከኩኪስ አያመልጥም። ትምህርት ቤት ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይልካል፣ ልጆችም ቤት ውስጥ ካልጋገርን ብለው ያስቸግራሉ። አይሲንግ እየጨመቁ አበባና ኮከብ ማውጣት ደግሞ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። የጎማ ማኅተም የተወደደው ለዚህ ነው። ነጩ አይሲንግ ሲደርቅ የበረዶ ቅንጣት ወይም የጥድ ዛፍ የተቀረጸበትን ማኅተም ቀለም አስነክቶ ጫን ማድረግ ብቻ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ ያምርለታል።

በሥራው ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በየቪዲዮው አብሮት በሚዞረው ምክር ላይ ነው፦ «የተለየ ቀለም መግዛት አያስፈልግም። ዕቃው ላይ ‹ኖን ቶክሲክ› የሚል ጽሑፍ ካለ የማኅተም ቀለምም ሆነ ብልጭልጭ ዱቄት ይሆናል፤ መርዝ የለውም።»

አይሆንም።

ሰው ለምን እንደሚያምነው ይገባኛል። ያንን ጽሑፍ በልጆች ክሬዮን ሳጥን ላይ ያላየ ወላጅ የለም፤ ጽሑፉም ባዶ ማስታወቂያ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ሕግ መሠረት የሥዕል ዕቃዎች በጊዜ ብዛት ጤና ይጎዱ እንደሆነ በባለሙያ መታየት አለባቸው። ልጅ ክሬዮኑን ቢልስ እናት እንዳትደነግጥ ያደርጋል፤ ትልቅ ነገር ነው። ምርመራው ግን ዕቃውን የሚያየው ለተሠራለት ሥራ ነው። ወረቀት ላይ እንዲያርፍ የተሠራን ቀለም አንድ ልጅ በኩኪስ ላይ አድርጎ ይበላዋል ብሎ የፈቀደ የለም። የምግብ ቀለም ሌላ በር ነው የሚያልፈው። እያንዳንዱ ማቅለሚያ ለምግብ የተፈቀደ መሆን አለበት፣ ይዘቱ ተዘርዝሮ መጻፍ አለበት፣ የሚመረትበት ቦታም የምግብ ንጽሕና ይጠየቃል።

ልዩነቱ የወረቀት ጨዋታ እንዳልሆነ ያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሮድ አይላንድ ግዛት ስድስት ልጆች አንድ የልደት ኬክ በልተው አስመለሳቸው፣ አስቀመጣቸው። ትንሹ አንድ ዓመቱ፣ ትልቁ 11 ዓመቱ ነበር። ኬኩ ከዳቦ ቤት የተገዛ ነው። አምሮ እንዲታይ የተደረገበት ወርቃማ ሮዝ ብልጭልጭ ሲመረመር የመዳብ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ ደግሞ በሚዙሪ ግዛት በአንድ የአንድ ዓመት ሕፃን ደም ውስጥ እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት ታየ። ምንጩ ሲፈለግ ቤት ውስጥ በተሠራው የልደት ኬኩ ላይ የተነሰነሰው ቢጫ ዱቄት ላይ ተደረሰ። ከዱቄቱ ሩቡ እርሳስ ነበር። በሕፃናት ደም ውስጥ ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል የእርሳስ መጠን እስካሁን አልተገኘም። ሁለቱንም ጉዳዮች የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል በ2021 ለሕዝብ ይፋ አድርጓቸዋል።

እርግጥ ሁለቱም የዱቄት እንጂ የማኅተም ቀለም ታሪክ አይደሉም። የስሕተቱ መንገድ ግን አንድ ነው፤ ለማስጌጥ የተሠራን ነገር «ትንሽ ስለሆነ ምን ያደርጋል» ብሎ ወደ አፍ መላክ።

በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቀለ ሲባል አገር ይያዝልን የምንል ሰዎች ነን፤ ልክም ነን። ታዲያ በገዛ ኩሽናችን፣ በገዛ እጃችን፣ በልጆቻችን ምግብ ላይ የቢሮ ቀለም ስናትም ቁጣው የት ይሄዳል? «እኔ ሁልጊዜ እጠቀመዋለሁ፣ ምንም ሆኜ አላውቅም» የሚሉትን ደግሞ መታገሥ እያቃተኝ ነው። እርሳስ ዛሬ በልተውት ዛሬ የሚያሳምም ላይሆን ይችላል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚጠራቀመው። ካሜራ ፊት ያስዋቡትን ኩኪስ እነሱ ይብሉት አይብሉት አናውቅም። ተመልካቹ ግን ለልጁ ያበላዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዕቃውን ገልብጣችሁ የይዘት ዝርዝር ፈልጉ። ለምግብ የተሠራ ከሆነ «የሚበላ» ይላል፣ ውስጡ ያለውንም ይናገራል፦ ስኳር፣ የበቆሎ ስታርች፣ የግራር ሙጫ፣ የተፈቀደ የምግብ ቀለም። «ኖን ቶክሲክ» ወይም «ለጌጥ ብቻ» ብሎ ዝርዝሩን ከተወ አይበላም። ኬክ ላይ የተሰካ አሻንጉሊት ከመብላት በፊት ይነሣል፤ የታተመ ቀለም ግን አይነሣም።

የማኅተም ቀለሙን ራሳችሁ ማዘጋጀት ትችላላችሁ። ሁለት ሦስት የኩሽና ሶፍት ደርባችሁ ሳህን ላይ አንጥፉ፣ ጄል የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉበት፣ በማንኪያ ጀርባ አዳርሱት። ማኅተሙን አስነክታችሁ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሞክሩት፤ ትርፉ ቀለም እዚያ ይቀራል። ከዚያ ኩኪሱ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉ፣ ሳታወዛውዙ አንሡ። አይሲንጉ ግን አንድ ሌሊት ያደረ ይሁን። ላዩ ደርቆ ውስጡ ከረጠበ ይሰነጠቃል።

የቀሩትን በአጭሩ፦

«የድሮውን ማኅተም በሳሙና ካጠብኩት ይበቃል።» አይበቃም። ጎማ ቀለም ይጠጣል፤ ከእጀታው ጋር ያያዘው ስፖንጅና ማጣበቂያም ለምግብ የታሰበ አይደለም። ለምግብ የሚሆን አዲስ የሲሊኮን ማኅተም ግዙና ለብቻው አስቀምጡት።

«ቀለሙ ከወፈረ ውሃ ይጨመርበት።» ውሃ ስኳሩን ያሟሟዋል፤ ዛፉ ወደ ነጠብጣብ ይለወጣል። ቀለሙን እንዳለ ተጠቀሙበት፤ ማቅጠን ግድ ከሆነ ቶሎ የሚተን ቮድካ፣ እሱም ጠብታ ያህል።

«አይሲንጉ ውስጥ የሚገባውን ጥሬ እንቁላል ነጭ ስኳሩ ያበስለዋል።» ሳልሞኔላን የሚገድለው ሙቀት እንጂ ስኳር አይደለም። ለአይሲንግ ሜሬንግ ፓውደር ወይም ፓስቸራይዝድ የሆነ እንቁላል ነጭ ግዙ።

«የተፈጥሮ ቀለም ከሆነ ለጾም ይሆናል።» የፈረንጆቹ ገና የሚውለው በጾመ ነቢያት መካከል ስለሆነ ጥያቄው በየቤቱ ይነሣል። ካርሚን የተባለው ደማቅ ቀይ ከተፈጥሮ ነው፤ የሚወጣው ግን ከነፍሳት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ ስሙ ተለይቶ እንዲጻፍ ግዴታ አለ፤ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ኢ120 ይባላል። አይሲንጉም ቢሆን፣ ሜሬንግ ፓውደር ራሱ የደረቀ እንቁላል ነጭ ነው። ጾመኛ የቆርቆሮ ሽምብራ ውሃ ይምታ፤ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ ይሠራል።

«የሚበላ ከተባለ ሐሳብ የለም።» እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አላደርግም። ምግብ ለማንጣት የሚገባውን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ከምግብ አስወጥቶታል፤ አሜሪካ ግን እስከ አንድ በመቶ ትፈቅዳለች። ቀይ ቁጥር 3 የተባለውን ማቅለሚያ ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዓመታት ፈቅዶት ከቆየ በኋላ በጥር 2025 ፈቃዱን ሰርዞ፣ ለምግብ አምራቾች እስከ ጥር 2027 ጊዜ ሰጥቷል። ሁለት አዋቂ መሥሪያ ቤቶች በማይስማሙበት ነገር እኔ ዳኛ አልሆንም።

ይህ ክርክር የሚቻለው ግን ስሙ የተጻፈ ነገር ላይ ነው። ዝርዝሩን ያነበበ ወላጅ ይህን እቀበላለሁ፣ ያንን አልፈልግም ማለት ይችላል። ዝርዝር የሌለው ቀለም ያንን ምርጫ አይሰጥም፤ ስለዚህ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ይታተምበት፣ ኩኪሱን ይተወው።