ግማሽ ቺፕ፣ ሙሉ ገበያ

ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለው የቤት ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1982 እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ሁለት ዋጋ ነበረው። ባለ 16 ኪሎባይቱ 125 ፓውንድ፣ ባለ 48 ኪሎባይቱ ደግሞ 175 ፓውንድ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው ልዩነት የለም፤ ያው ጥቁር ሳጥን፣ ያው የላስቲክ ቁልፎች፣ ያው ከጥጉ ላይ በሰያፍ የተሰመሩ አራት ቀለሞች። ልዩነቱ ያለው ሆዳቸው ውስጥ ነው። ርካሹን የገዛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ቢመለከት፣ ከመጀመሪያዎቹ ቦርዶች በኋላ በወጡት ላይ አሥራ ሁለት ባዶ የቺፕ መቀመጫዎች ያገኝ ነበር።

እነዚያ ባዶ መቀመጫዎች አንድ ንግድ ወለዱ።

ባለ 16 ኪሎባይት የሚለው ስም ራሱ ጥቂት ያታልላል። ከ16,384 ባይት ውስጥ 6,912ቱን የሚወስደው የቴሌቪዥኑ ምስል ነው። ሌላ ሌላውም ተቀንሶ ለተጠቃሚው ፕሮግራም የሚተርፈው ወደ 9 ኪሎባይት ግድም ብቻ ነው። የጨዋታ ደራሲዎች ብዙም ሳይቆዩ ለ48ቱ መጻፍ ጀመሩ። ወላጆቹ 50 ፓውንድ ለማትረፍ ሲሉ ትንሹን የገዙለት ልጅ ካሴት ከጓደኛው ቢዋስም ጨዋታው ማሽኑ ውስጥ ሊገባለት አልቻለም። ያኔ ነው ሜሞሪ የሚያሳድግለት ሰው የሚፈልገው።

የሜሞሪው ታሪክ ግን ከዚህም በላይ ይገርማል። የስፔክትረም አምራች ሲንክሌር ለተጨማሪው 32 ኪሎባይት የተጠቀመው ከፋብሪካ ሲወጡ ግማሽ ጎናቸው የተበላሸባቸውን ባለ 64 ኪሎቢት ቺፖች ነበር። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስና የጃፓኑ ኦኪ ከመጣል ይልቅ በሚሠራው ግማሽ ልክ እየሸጧቸው፣ ሲንክሌር በርካሽ ይገዛቸው ነበር። ስምንቱ ቺፖች እያንዳንዳቸው ደህና የሆነ 32 ኪሎቢት ሲያዋጡ 32 ኪሎባይት ይሞላል። አንዱ ቺፕ የሚሠራው የላይኛው ግማሹ፣ ሌላው የታችኛው ግማሹ ሊሆን ስለሚችል ቦርዱ ላይ በአንዲት አጭር ሽቦ የትኛው ግማሽ እንደሚነበብ ይመረጣል። ስምንቱም ቺፖች አንድ ዓይነት ግማሽ ያላቸው መሆን አለባቸው። ቁጠባ በዚህ ደረጃ ሲታሰብበት ጥበብ ይባላል እንጂ ስስት አይባልም።

በዚያን ጊዜ የማሳደጊያ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ለደንበኛቸው በፖስታ የሚልኩት ስምንት የሜሞሪ ቺፕ፣ አራት ትናንሽ የሎጂክ ቺፕና አንድ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ የቺፑ ጭረት ወደየት እንደሚዞር፣ የቺፑ እግር ሳይታጠፍ እንዴት እንደሚገባ፣ ሽቦዋ የት እንደምትበየድ ይነግራል። ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ግን የቦርዱን ዕትም ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው ዕትም እነዚያ መቀመጫዎች ስላልነበሩት የሚፈልገው ለብቻው የተሠራ ተጨማሪ ቦርድ ነው። ዛሬም ቢሆን መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይኸው ነው።

ሜሞሪ የዚያን ጊዜ ምን ያህል ውድ እንደነበር ለመገመት ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣውን የሲንክሌር ዜድኤክስ 81 ማየት ይበቃል። ሳይገጣጠም የሚሸጠው 49.95 ፓውንድ ነበር። ከኋላው የሚሰካው የ16 ኪሎባይት ሜሞሪም 49.95 ፓውንድ! በዚያ ላይ ሜሞሪው የሚሰካበት ቦታ ልል ስለነበር ጠረጴዛው ሲነካ ይንቀጠቀጥና ሰው ሲጽፍ የዋለው ሁሉ በአንድ አፍታ ይጠፋል። ባለቤቶቹ በግድግዳ ማጣበቂያ እየለሰኑ ነበር የሚገላገሉት።

አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ያን ጊዜ ወርቅ የነበረው ሜሞሪ ዛሬ ከሁሉ የቀለለው ዕቃ ነው። ኮሞዶር 64 ለተባለው ሌላ የዚያ ዘመን የቤት ኮምፒውተር ዛሬ የሚሸጡ ካርትሪጆች እስከ 16 ሜጋባይት ተጨማሪ ሜሞሪ ይሰጣሉ፤ ይህ ማሽኑ ሲወለድ ከነበረው 64 ኪሎባይት 256 እጥፍ ነው። ብዙ ፕሮግራም ግን ያን ያህል አይፈልግም። ለነጋዴው እንጀራ የሆነው በ1982 ማንም ዋጋ ያልሰጠው ነገር ነው፤ ፕላስቲክ፣ ባትሪ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥን። የሚሸጠውን የሚወስነው የሚበላሸው ነው።

የስፔክትረምን ኪቦርድ እንውሰድ። ከላስቲክ ቁልፎቹ ሥር የተነጠፈው ስስ የፕላስቲክ ሉህ ነው፤ በላዩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስመር ታትሞበታል። ከሉሁ ሁለት ጅራቶች ይወጣሉ፤ አንዱ አምስት መስመር፣ ሌላው ስምንት። አምስት በስምንት ሲባዛ አርባ፣ ይኸውም የቁልፎቹ ቁጥር ነው። ጅራቶቹ ባለፉት ዓመታት በሙቀት ደርቀው እንደ ቅጠል ይሰበራሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት ደግሞ ባለቤቱ ክዳኑን በከፈተባት ቅጽበት ነው። ብልሽቱ መልክ አለው። ባለ ስምንቱ ጅራት ላይ አንድ መስመር ቢሰነጠቅ አጠገብ ላጠገብ ያሉ አምስት ቁልፎች፣ ለምሳሌ ከኪው እስከ ቲ፣ አንድ ላይ ዝም ይላሉ። ከባለ አምስቱ አንዱ ከተቆረጠ ግን ስምንት ቁልፎች ናቸው፣ እነሱም በኪቦርዱ ዙሪያ ተበታትነው። ልምድ ያለው ሻጭ ደንበኛው የሞቱትን ቁልፎች ሲዘረዝርለት ማሽኑን ሳያይ የትኛው ጅራት እንደሄደ ይናገራል። መፍትሔው አዲስ ሉህ ነው፤ ዛሬ እንደገና ይመረታል፣ ከተፈላጊዎቹ ዕቃዎችም አንዱ ነው።

የታችኛው 16 ኪሎባይት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እነዚያ አሮጌ ቺፖች በአንድ ጊዜ ሦስት ዓይነት ቮልት ይፈልጋሉ፤ 5፣ 12 እና ከዜሮ በታች 5። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሚያመነጨው ክፍል ውስጥ ያለች አንዲት ትራንዚስተር ከተቃጠለች፣ ኔጌቲቩ ቮልት ጠፍቶ 12ቱ ከቀጠለ፣ ቺፖቹ ራሳቸው ይቃጠላሉ። ስለዚህ በተቃጠለው ሜሞሪ ምትክ ሜሞሪ ብቻ የሚሸጥለት ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ጨዋ ነጋዴ ትራንዚስተሯንም አብሮ ይልካል፤ አንዳንዱ ከነጭራሹ 5 ቮልት ብቻ በሚበቃው ዘመናዊ ሜሞሪ ሁሉንም እንዲተኩት ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው፣ ያለፈውን እንዳለ ማቆየት ለሚወዱት ባይጥምም።

የኮሞዶር 64 ገዳይ በአንጻሩ ውጭ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጡ በጠንካራ ማጣበቂያ ተሞልቶ የተዘጋ ስለሆነ ከፍቶ መጠገን የማይታሰብ ነው። ሲያረጅ 5 ቮልት መስጠት ያለበት መስመር ከልክ በላይ ይወጣና ኮምፒውተሩን ይመታዋል፤ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት የሜሞሪ ቺፖቹ ናቸው። ከዘመድ ቤት ጣሪያ ሥር የተገኘን ኮሞዶር ከነድሮ ሳጥኑ ሰክቶ ለመሞከር መጣደፍ እንግዲህ ትልቅ ስህተት ነው። አዲስ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ፣ ወይም በመሀል ገብቶ ቮልቱ ሲያልፍ የሚቆርጥ ትንሽ መከላከያ፣ ነጋዴዎች አስቀድመው የሚመክሩት ግዢ ነው።

ከኮሞዶር ኩባንያ በ1987 የወጣው አሚጋ 500 ሜሞሪ ለማሳደግ ቀላል ነበር። ከሆዱ ሥር ያለውን ክዳን ከፍቶ ግማሽ ሜጋባይት ያለው ቦርድ መግፋት ብቻ ነው፤ ብየዳ የለም። ኮሞዶር የሸጠው ያ ቦርድ ሰዓት እንዲይዝ ባትሪ ተበይዶበታል። ባትሪው ሲያረጅ የሚያፈሰው ፈሳሽ የመዳብ መስመሮችን ይበላል፤ ባለቤቱ ያሳደገበት ዕቃ ራሱ መርዝ ሆነበት። ዛሬ የሚሸጡት አዳዲስ ቦርዶች ባትሪ የላቸውም፣ አለዚያም ሊወጣ የሚችል ድቡልቡል ባትሪ አላቸው።

ዕቃው ከየት ይመጣል? አንደኛው ምንጭ ሳይሸጥ የቀረ የፋብሪካ ክምችት ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ የሚገኘው ቤስት ኤሌክትሮኒክስ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአታሪን መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ ቤት ነው፤ አታሪ ራሱ ኮምፒውተር መሥራቱን ካቆመ በኋላም አላቋረጠም። ሁለተኛው ምንጭ የሞቱ ማሽኖች ናቸው፤ እዚህ ላይ ሥራው ከምናለሽ ተራ ብዙም አይለይም፣ የአንዱ ሬሳ ለሌላው ነፍስ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ግን ያልሞተም ይታረዳል። የኮሞዶር 64 የድምፅ ቺፕ የሆነው ሲድ፣ ቦብ ያኔስ የነደፈው፣ በሙዚቀኞች ስለሚፈለግ ዋጋው ንሯል። የስዊድኑ ኤሌክትሮን በ1999 ሲድስቴሽን የተባለ የሙዚቃ መሣሪያ በዚሁ ቺፕ ሠርቶ፣ ክምችቱ ሲያልቅ ምርቱን አቁሟል። ቺፑን ለማውጣት ሲባል የሚሠራ ኮምፒውተር መገንጠል ትርፍ አለው፤ ያስተዛዝባል እንጂ።

ውድ በሆነ ቁጥር ማጭበርበርም ይከተላል። የሌላ ቺፕ ጀርባ ተፍቆ የሲድ ስምና ቁጥር ታትሞበት ይሸጣል። ፊቱ ከመጠን በላይ ንጹሕና ጽሑፉ አዲስ የሆነ የአርባ ዓመት ቺፕ ሊያስጠረጥር ይገባል። ስለዚህ ስም ያተረፉ ነጋዴዎች እያንዳንዱን ቺፕ በማሽን ላይ ሳይሞክሩ አይልኩም፤ ደንበኛው ከዕቃው ጋር የሚከፍለው ለዚህ ሙከራ ጭምር ነው።

ሦስተኛው ምንጭ እንደ አዲስ መሥራት ነው። ለስፔክትረም ከባዱ ፌራንቲ ለሲንክሌር ብቻ ያመርተው የነበረው ዩኤልኤ የሚባለው ልዩ ቺፕ ነበር፤ ከሞተ ሱቅ አይገኝም። ክሪስ ስሚዝ ቺፑን ገልጦ አሠራሩን መርምሮ በ2010 መጽሐፍ አወጣበት። በማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቤት በሚገኙ ተራ ቺፖች ዩኤልኤውን የሚተካ ሀርለኩዊን የተባለ ቦርድም ነድፏል። ዛሬ ሳጥኑም፣ ቁልፎቹም፣ ሉሁም፣ ቦርዱም አዲስ ሆኖ አንድም የሲንክሌር ዕቃ የሌለበት ስፔክትረም መገጣጠም ይቻላል።

ለረጅም ጊዜ ማንንም ያላሳሰበው የስፔክትረም አንጎል ነበር፤ ዜድ 80 ከ1976 ጀምሮ ሳይቋረጥ ሲመረት ኖሯል። በ2024 ግን አምራቹ ዚሎግ በማሽኑ ውስጥ በቀጥታ የሚሰካውን ዓይነት ማምረት እንደሚያቆም አስታውቆ፣ ትዕዛዝ የሚቀበልበትን የመጨረሻ ቀን ጁን 14 አደረገው። የክምችቱ ዋጋ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሲድን ታሪክ የሚያውቅ ነጋዴ አይጠፋውም።