«ሲስተም የለም» ሲሉን፦ ባንኮች አሮጌውን ሶፍትዌር ለምን በአንድ ሌሊት አይቀይሩትም?

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ከሌለ ገንዘብ ብር ያወጡበት፣ በሞባይልም ያስተላለፉበት ሌሊት ነው። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ያለአግባብ ወጣ የተባለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ አብዛኛው ተመልሷል። ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ግን ስማቸውና ፎቶአቸው አደባባይ ወጣ።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባንክ ገብቶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ይኖራል ብለን አናስብም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ኔትወርክ ነው። ግን ጥያቄው ሁሌ ይነሳል፦ ይህን አሮጌ ነገር ጥለው በአዲስና በአስተማማኝ ቋንቋ ለምን አይሠሩትም? እንየው።

👉 ሲስተሙ ምንድን ነው?

ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ የባንኩ በር ብቻ ነው። ከኋላው የሁሉንም ሰው ሒሳብ የሚይዝ ትልቅ መዝገብ አለ፤ «ኮር ባንኪንግ» ይባላል። ንግድ ባንክ የሚጠቀመው የስዊዘርላንዱ ቴሜኖስ የሠራውን ቲ24 ነው። የዚህ ሶፍትዌር የሥራ ሕጎች ለብዙ ዓመታት የተጻፉት ከቤዚክ ቤተሰብ በሆነ የቆየ ቋንቋ ነበር። በኋላ ኩባንያው ያን ኮድ ወደ ጃቫ የሚተረጉም መሣሪያ አመጣ። ሁሉን ከዜሮ አልጻፈም፤ የነበረውን ተረጎመው።

ይህ የኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.አ.አ በ1959 የተጀመረው ኮቦል ዛሬም በትልልቅ ባንኮች ውስጥ እየሠራ ነው። በ2020 ኮሮና ሲገባ የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት አገረ ገዥ፣ የሥራ አጥ ክፍያ ሲስተማቸው ስለተጨናነቀ «ኮቦል የምትችሉ ድረሱልን» ብለው ነበር።

👉 «አስተማማኝ ቋንቋ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የበቆሎ መጋዘን አስቡ። ማዳበሪያው፣ ዘሩና እህሉ ምልክት በሌለው አንድ ዓይነት ጆንያ ተሞልቶ ቢቀመጥ አንድ ቀን ማዳበሪያ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የቆዩት የቤዚክ ዓይነት ቋንቋዎች እንዲህ ናቸው፦ አንዱ ሳጥን ቁጥርም ስምም ቢይዝ ዝም ይላሉ። ጃቫ ግን በየጆንያው ላይ ምልክት ካልተጻፈበት አላስገባም ይላል። ብዙው ስህተት ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር፣ ብር ሳይንቀሳቀስ ይያዛል።

👉 ታዲያ ምን ያስፈራል?

1. አሮጌው ኮድ ውስጥ የተረሱ ሕጎች አሉ። ከ15 ዓመት በፊት አንድ ባለሙያ ጳጉሜን አንዴ 5 አንዴ 6 ቀን መሆኗን አስቦ ሁለት መስመር ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ሥራ ለቋል፣ የጻፈው ማብራሪያ የለም። አዲስ ጸሐፊ ያን ሁለት መስመር ከዘለለው ስህተቱ የሚታወቀው በዓመት መጨረሻ ነው።

2. አዲስ ቋንቋም የራሱ ጣጣ አለው። ፓይተን የምትማሩ ካላችሁ 0.1 + 0.2 ብላችሁ ሞክሩ። መልሱ 0.3 አይደለም፤ 0.30000000000000004 ይላችኋል። ጃቫም በተራው አቆጣጠር እንዲሁ ነው። ኮቦል ግን ከጅምሩ ለሒሳብ ሥራ ስለተሠራ ሳንቲሟን በአስርዮሽ ልክ ይቆጥራል። ጃቫም ፓይተንም ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አላቸው፤ ግን ፕሮግራመሩ አውቆ ካልተጠቀመበት በስተቀር ራሱ አይመጣም።

3. ዋናው አደጋ የዝውውሩ ቀን ነው። እ.አ.አ በሚያዝያ 2018 የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ በአንድ ቅዳሜና እሁድ የደንበኞቹን መረጃ ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰው ሒሳቡን ማየት አቃተው፤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው በዓመቱ መጨረሻ ነው። በ2022 ባንኩ ከ48 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀጣ።

👉 ታዲያ እንዴት ይሠራ?

በዝግታ። አንድ ክፍል ብቻ ይቀየራል፣ ለምሳሌ የቁጠባ ወለድ። ከዚያ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ማታ ማታ ውጤታቸው እስከ ሳንቲም ይመሳከራል። ልዩነት ሲጠፋ አሮጌው ያርፋል። ከተበላሸም ወደ ኋላ የሚመለሱበት መንገድ አስቀድሞ ተሞክሮ መቀመጥ አለበት።

ይህ ለትንሹም ይሠራል። ቤተሰባችሁ ሱቅ ወይም የእህል ንግድ ኖሮት በድሮ ፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ (ስሙ ከተቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል) በአንድ ቀን አትጣሉት። መጀመሪያ ባክአፕ ውሰዱ፤ ቢያንስ አንድ ወር በሁለቱም መዝግቡ፤ ድምሩ ሲገጥም ተሻገሩ።

ሲስተም ሲቀየር ስህተት ቢፈጠር መጀመሪያ የሚጎዳው ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ነው። ስለዚህ ባንኮች ማሻሻያ የሚያደርጉበትን ሰዓት አስቀድመው ይንገሩን። እኛም የላክንበትን መልእክትና ደረሰኝ አናጥፋ፤ ሒሳባችን ላይ የማናውቀው ብር ከገባም ሳንነካው እናሳውቅ። መጋቢት 6 ሌሊት ቀላል የመሰለው ብር ሲነጋ ዕዳ ነበር።

ኮዲንግ ለምትማሩ ደግሞ፦ አዲስ መጻፍ ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው የጻፈውን አሮጌ ኮድ አንብቦ መረዳትም ሙያ ነው፤ ፈላጊም አለው።

እናንተስ የምትሠሩበት ቦታ ያለው አሮጌ ሶፍትዌር የትኛው ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።