‹የመጨረሻው› ንድፍ የትኛው ነው?

እ.ኤ.አ. በ2006 ኤርባስ ኤ380 የተባለውን ባለ ሁለት ፎቅ አውሮፕላን ሲገጣጥም ብርቱ እንቅፋት ገጠመው። እንቅፋቱ ከሞተሩም ከክንፉም አልመነጨም፤ ከሽቦ እንጂ። በጀርመን ሃምቡርግ ከተዘጋጁት የኤሌክትሪክ ገመዶች አንዳንዶቹ ወደ ፈረንሳይ ቱሉዝ መጥተው በአውሮፕላኑ አካል ውስጥ ሲዘረጉ ከታቀደላቸው ቦታ ሳይደርሱ አጠሩ። በአንድ አውሮፕላን ውስጥ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ ስለሚዘረጋ ነገሩን በመቀጣጠል ማለፍ አልተቻለም።

የሁለቱም ከተሞች መሐንዲሶች የሚነድፉት ካቲያ በተባለው ሶፍትዌር ነበር። ሆኖም ሃምቡርግ በ4ኛው፣ ቱሉዝ በ5ኛው እትም (በተለምዶ ቨርዥን በምንለው) ይሠሩ ነበር። እዚህ ላይ ፊዚክስም ገባበት። ክብደት ለመቀነስ ሲባል ከሽቦው ከፊሉ ከመዳብ ወደ አሉሚኒየም ተለውጦ ነበር። አሉሚኒየም እንደ መዳብ ጠባብ እጥፋትን አይችልም፤ ሰፋ ያለ መታጠፊያ ይሻል፤ መታጠፊያው ሲለወጥም የሽቦው መንገድና ርዝመት ይለወጣል። ይህ ደንብ ከአንዱ እትም ወደ ሌላው በትክክል አልተሻገረም። የመጀመሪያው አውሮፕላን ለሲንጋፖር አየር መንገድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2007፣ ከታቀደው ሁለት ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው።

ልብ እንበል፤ ችግሩ ፋይል የመጥፋት አልነበረም።

በቡድን የሚሠሩ ተማሪዎችን ፍላሽ ስንከፍት ‹የመጨረሻ›፣ ‹የመጨረሻ 2›፣ ‹እውነተኛው የመጨረሻ› የሚሉ ፋይሎች ተደርድረው እናገኛለን። ስሞቹ የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ፣ ማን ለምን እንደለወጠው አይነግሩንም። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠረው ጊት ይህን በብልሃት ይፈታል፤ ለእያንዳንዱ የተመዘገበ ለውጥ ከይዘቱ፣ ከወላጁ፣ ከሠሪውና ከማስታወሻው አስልቶ በተለመደው አሠራሩ ባለ 40 ምልክት መለያ ይሰጠዋል። አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መለያው ሌላ ይሆናል።

ይሁንና ጊት የሁለት ሰዎችን ለውጥ የሚያዋህደው መስመር በመስመር እያነጻጸረ ነው። የፕሮግራም ጽሑፍ ለዚህ ይመቻል፤ የሕንፃ ወይም የማሽን ንድፍ ግን ብዙውን ጊዜ አይመችም። አንዱ ግድግዳውን ሲያንቀሳቅስ ሌላው በዚያው ቦታ ቧንቧ ቢያሳልፍ፣ የማን ሐሳብ እንደሚጸና ኮምፒዩተሩ ሊፈርድ አይችልም። ስለዚህ በንድፍ ሥራ ፋይሉን መቆለፍ የተለመደ ነው፤ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እንደመዋስ ማለት ነው። የወሰደው ሰው እስኪመልስ ድረስ ሌሎች ያዩታል እንጂ አይነኩትም። አዝጋሚ ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ እኛ ግን ንድፉን በትናንሽ ፋይሎች ከፋፍሎ መቆለፉን እንመርጣለን።

ለኤርባስ ይህም ብቻውን ባልበቃው ነበር። ከፋይሉ ጋር የተሠራበት ሶፍትዌር እትም አብሮ ሊመዘገብ ይገባል፤ ፋይሉ ወደ ሌላ እትም በተሻገረ ቁጥርም ጥቂት ርዝመቶችንና መታጠፊያዎችን መርጦ ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ያሻል።