የአንጎል ሕዋሳት አስተዳደግ በቤተ ሙከራ

የሰው ልጅ ከዋክብትን በመነጽር፥ የባሕርንም ጥልቀት በመርከብ መርምሯል። የገዛ አንጎሉ በእናቱ ማሕፀን እንዴት እንደሚያድግ ግን በዓይኑ ሊከታተል አልቻለም፤ ሕያው ፅንስ ተከፍቶ አይታይምና። የአይጥ አንጎል ቢጠናም ከሰው አንጎል ጋር በሁሉ ነገር አይመሳሰልም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ሌላ መንገድ ፈለጉ፤ እኔም በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለመግለጽ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሰውነታችን ያሉት ሕዋሳት የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ የቆዳው ቆዳ፥ የነርቩም ነርቭ ሆኖ ይኖራል። ግንደ ሕዋስ የሚባለው ግን የትምህርት ዘርፉን እንዳልመረጠ ተማሪ ሥራውን ገና ያልለየ ነው። በ2006 የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ሺንያ ያማናካ አራት ጂኖችን ወደ አይጥ የቆዳ ሕዋስ ቢያስገቡ፥ ሕዋሱ ወደ ግንደ ሕዋስነት ተመለሰ። በ2007 በሰው ሕዋስም ተሳካላቸው። ስለዚህም በ2012 ከእንግሊዛዊው ጆን ገርደን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

በ2013 ደግሞ ማድሊን ላንካስተርና ዩርገን ክኖብሊክ በቪየና ከተማ ከግንደ ሕዋስ የአንጎል ቅንጣት አሳደጉ። ሕዋሳቱን በለስላሳ ሙጫ መሳይ ነገር ውስጥ አኑረው፥ ምግብ ባለበት ፈሳሽ እያዞሩ ቢያቆዩዋቸው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ደረሱ። ከዚያ በላይ አላደጉም፤ የደም ሥር ስለሌላቸው ምግቡ ወደ መካከላቸው አይደርስምና።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ሊቃውንቱ ራሱ እጅግ አንሶ ከተወለደ ሰው የቆዳ ሕዋስ ወስደው ይህንኑ ቢያደርጉ፥ የበቀለው ቅንጣት አነስተኛ ሆነ። ምክንያቱም እናት ሕዋሳቱ በሚገባ ሳይባዙ ቀድመው ወደ ነርቭ ሕዋስነት በመለወጣቸው ነው፤ ይህም ሳይዘራ የዘር እህሉን በልቶ እንደጨረሰ ገበሬ ማለት ነው። በ2016ም በዚሁ ዘዴ የዚካ ቫይረስ እነዚህን እናት ሕዋሳት እንደሚያጠቃ ታወቀ።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ «እናቲቱ ተረግማ ነው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነገሩ ግን እርግማን አይደለም፤ ከጂን ወይም ከቫይረስ ሊመጣ እንደሚችል በመስታወት ሳህን ላይ ታይቷል። ይህን ማወቅ ሕፃኑን ባያድነው እንኳ ከእናቲቱ ትከሻ ሸክም ያወርዳል።

«ይህ ቅንጣት ያስባልን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የአዋቂ ሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ ቅንጣቱ ግን ዓይንም ጆሮም የሌለው፥ ከምስር እምብዛም የማይበልጥ ነው። ስለሆነም እንደ ሰው ያስባል ለማለት አይቻልም። ሆኖም ጥበቡ እየረቀቀ በሄደ መጠን ወሰኑ የት እንደሆነ መመርመር ይገባል። ይህ ደግሞ የሊቃውንቱ ብቻ ሳይሆን ነገ ሐኪምና ሕግ ዐዋቂ የምንሆን የእኛም ሥራ ነው።