ተስፋና ዋጋ፤ ስለ ወጣት ኳስ ተጫዋቾች ልውውጥ

በሬ ሊሸምት ገበያ ለወጣ ገበሬ ሁለት ዓይነት ከብት ይቀርብለታል። አንደኛው ቀንበር ያልነካው ወይፈን ነው፤ ሻኛው ያማረ፣ አጥንቱ የሰፋ ቢሆንም በእርሻ ላይ ውሎ አልታየም። ሁለተኛው ባለፈው ክረምት ተጠምዶ ያረሰ፣ ዘንድሮ ግን የጎድን አጥንቱ እስኪቈጠር ድረስ የከሳ በሬ ነው። ዋጋቸው አንድ በሆነ ጊዜ ብልህ ገበሬ ከመምረጡ አስቀድሞ «ይህ በሬ የከሳው በሽታ ይዞት ነው ወይስ ሣር አጥቶ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይኸው ጥያቄ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሌላ መልክ ይነሣል። ከአስኮ እስከ ዓለም ባንክ፣ ከልኳንዳ እስከ አየር ጤና፣ ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት ሰፈር ሁሉ ቡድን አለ፤ ከቡድኑም በስተጀርባ ብዙውን ጊዜ ነጋዴ አይጠፋም። አንዱ ማልያ ያሰፋል፤ ሌላው ኳስ ይገዛል፤ የእህል ነጋዴው በግጥሚያ ቀን መኪናውን ያውሳል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በልግስና ስለ ሆነ በሂሳብ መዝገብ አይገባም። ነገር ግን ልጁ አድጎ ትልቅ ክለብ በፈለገው ዕለት፣ ልግስና ሆኖ የቈየው ነገር በድንገት ንግድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መዝገብ ያልያዘው ወገን ባዶ እጁን ይቀራል።

ለምሳሌ ያህል ከእነዚህ ቡድኖች አንዱ 17 ዓመት የሞላቸው ሁለት ብርቱ ልጆች አሉት እንበል። በፕሪሚየር ሊግ የሚወዳደር ክለብ ሁለቱን ፈልጎ፣ በምትካቸው የ21 ዓመት አጥቂ ልስጣችሁ ይላል። አጥቂው ከሁለት ዓመት በፊት ስሙ የተጠራ ነበር፤ ዘንድሮ ግን በተጠባባቂ ወንበር ላይ ይውላል። የሰፈሩ ቡድን በበኩሉ ወደ ላይኛው ውድድር ለማለፍ የሚታገል ስለ ሆነ ዛሬውኑ ጎል የሚያገባ ሰው ያሻዋል። ኮሚቴው ምን ይወስን?

እንዲህ ያለውን ነገር አብዝተው የመረመሩት አሜሪካውያን ናቸው። ቤዝቦል በተባለው ጨዋታቸው ተጫዋች በገንዘብ ከመሸጥ ይልቅ ሰው በሰው መለወጥ የቈየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1987 የዲትሮይት ክለብ ዋንጫ ለማግኘት ቸኵሎ፣ ዶይል አሌክሳንደር የተባለውን የ36 ዓመት ኳስ ወርዋሪ ከአትላንታ ወሰደ፤ በምትኩም ጆን ስሞልትዝ የተባለውን የ20 ዓመት ልጅ ሰጠ። አሌክሳንደር በቀሩት ሳምንታት 9 ጊዜ አሸንፎ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም፤ ዲትሮይትም የምድቡ አንደኛ ሆነ፤ ለመጨረሻው ዋንጫ ግን አልበቃም። የተሰጠው ልጅ ከ20 ዓመት በላይ ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ከጨዋታው ታላላቆች መዝገብ ገባ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ዲትሮይትን ያሞኛል። ፍርዱ ግን የቸኰለ ይመስላል፤ ዲትሮይት የፈለገውን ዕቃ በፈለገበት ቀን አግኝቷልና። ለፋሲካ ገበያ በግ ያስመጣ ነጋዴ፣ በጉ ለመስቀል ቢቈይ ኖሮ ይሰባ ነበር ተብሎ አይወቀስም። የዲትሮይት ጥፋት የልጁን ነገር ጨርሶ ከእጁ ማውጣቱ ነው።

ተቃራኒው ምሳሌ ጄክ አሪየታ ነው። ይህ ወርዋሪ በባልቲሞር ክለብ ተስፋ ተጥሎበት ሳለ ውጤቱ እየከፋ ሄዶ እስከ ታችኛው ሊግ ድረስ ወርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1 ቀን ማግስት በ2013 የቺካጎ ክለብ እርሱን ከአንድ ጓደኛው ጋር ወሰደ፤ ከሰጣቸውም ሁለት ሰዎች ዋነኛው ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ብቻ የቀሩት ነበር። ቺካጎ አሪየታን በራሱ አወራወር እንዲጫወት ተወው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ክለቡ ከ108 ዓመት ጥበቃ በኋላ ዋንጫውን ሲያነሣ ከነበሩት አንዱ ሆነ።

በኮልፌ የኳስ ማሳያ ቤቶች እሑድን የሚያሳልፍ ሰው የዚህን ዓይነት ታሪክ ከሞሐመድ ሳላሕ ያውቀዋል። ግብፃዊው እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ከስዊዘርላንዱ ባዝል ወደ ቼልሲ ሲመጣ የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ በዚያ ግን የሚጫወትበት ቦታ አጥቶ ተቀመጠ። ለፊዮረንቲና ከዚያም ለሮማ በውሰት ተሰጠ፤ ሮማም ገዝቶ አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሊቨርፑል ሲገባ በመጀመሪያው ዘመን በሊጉ 32 ጎል አገባ። እግሩ በቼልሲም ያው እግር ነበር፤ ያጣው ሣሩን ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ለተባለው አጥቂ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ጎል አገባ?» ሊሆን አይገባም። ጥቂት ደቂቃ የተጫወተ ሰው ጎሉ ጥቂት መሆኑ አይደንቅም። መጠየቅ ያለበት ለምን እንደ ተቀመጠ ነው። ከፊቱ ብሔራዊ ቡድን የሚሰለፍ አጥቂ ስላለ ከሆነ፣ ወይም አሠልጣኝ ተለውጦ አዲሱ በክንፍ ስላሰለፈው ከሆነ፣ ዕቃው ሳይበላሽ በማይፈለግበት ሱቅ የተቀመጠ ሸቀጥ ነው፤ በርካሽ ሊገኝ የሚችለውም ያን ጊዜ ነው። ጉልበቱ ደጋግሞ አብጦ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በኢትዮጵያ ቡና ማልያ 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሻገረ፤ በዚያም ጉዳት ከሜዳ አራቀው። ችሎታውን የተጠራጠረ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሁኔታ መመዘን የሐኪም ሥራ እንጂ የአሠልጣኝም የነጋዴም አይደለም፤ የሐኪም ወረቀት ሳይታይ የሚደረግ ልውውጥ ከረጢቱን ሳይፈቱ ቡና እንደ መግዛት ነው።

በልጆቹ በኩል ደግሞ የተስፋ ዋጋ የሚቈመው በዕድሜ ላይ ነው። የ17 ዓመት ልጅ ከ20 ዓመት ጎልማሶች ጋር ተጋፍቶ ቢያሸንፍ ገና ያድጋል ማለት ነው፤ 17 ነኝ ያለው ልጅ በእውነቱ 20 ከሆነ ግን ዕድገቱን ጨርሷል፤ ገዢውም ያለቀ ተስፋ ገዝቷል። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ባለው የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ አጥንት በኤም.አር.አይ. እንዲመረመር ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ለሰፈር ቡድን ግን የልደት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ቤት መዝገብ ከሁሉ ይቀድማሉ። ዕድሜ የሚቀንስ አሰልጣኝ ልጁን የጠቀመ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ነገሩ በታወቀ ዕለት የዚያ ሰፈር ልጆች ሁሉ ወረቀት እምነት ያጣል።

ልውውጥ አንዳንድ ጊዜ ከጨዋታ ይልቅ ለሂሳብ ሲባል እንደሚደረግም ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 አስቶን ቪላ የቼልሲውን ኢያን ማትሰንን ሲገዛ፣ ቼልሲ ደግሞ ኦማሪ ኬሊማን የተባለውን የ18 ዓመት ልጅ ከቪላ ገዛ። ልጁ በዋናው ቡድን ገና ብዙም አልታየም ነበር። በወቅቱ በነበረው የእንግሊዝ ሊግ ደንብ መሠረት፣ ለተገዛ ተጫዋች የተከፈለው ዋጋ ልክ እንደ ማሽን የእርጅና ተቀናሽ በውሉ ዓመታት፣ ቢበዛም በ5 ዓመት ተከፋፍሎ ይመዘገባል፤ ክለቡ በቤቱ ያሳደገው ልጅ ሲሸጥ ግን የመግዣ ዋጋ ስለሌለው ገንዘቡ በሙሉ የዚያው ዓመት ትርፍ ይሆናል። ሁለቱም ክለቦች ሂሳባቸውን በሚዘጉበት ወር ልጅ የሸጡት ለዚህ ነው የሚለውን አስተያየት የሂሳብ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ሳይነገረው ይገምተዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ መልኩ ይለያል። የ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ነበር፤ ሌሎቹም ብዙዎቹ የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ክለቦች ናቸው። ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው የብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫዋች ነበር። ዛሬ ግን ተጫዋች በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውል ይቀጠራል፤ ውሉ ሲያልቅ በነፃ ይሄዳል፤ አዲሱ ክለብ የሚያወጣውም የፊርማ ገንዘብ ለተጫዋቹ እንጂ ለቀድሞው ክለብ አይደርስም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን የተወሰነው ይህ ወጪ ስለ ከበደ ነበር። ልጅ ማሳደግ ትርፍ በማያመጣበት አገር ማንም ሰው ልጅ ለማሳደግ አይቸኵልም፤ ሸክሙም ማልያ በሚያሰፋው የኮልፌ ባለሱቅ ላይ ይወድቃል።

ሆኖም ባለሱቁ ጨርሶ መብት የለውም ማለት አይደለም፤ በተለይ ልጁ ወደ ውጭ አገር ክለብ የተሸጠ እንደ ሆነ። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶ ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። 12፣ 13፣ 14 እና 15 ዓመት ለሞላባቸው ዘመናት በያንዳንዱ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት በያንዳንዱ 0.5 በመቶ ይታሰባል። አንድ ልጅ ከ12 እስከ 17 ዓመቱ በአንድ ክለብ ቢቈይ ድርሻው 2 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ልጁ ኋላ በ500,000 ዶላር ቢሸጥ ለክለቡ 10,000 ዶላር ይደርሰዋል። ይህ ገንዘብ ለአንድ የሰፈር ቡድን ስንት ዓመት ኳስና ማልያ እንደሚያስገዛ ባለሱቁ ራሱ ያስላው። ነገር ግን የሚከፈለው ለተመዘገበ ክለብ፣ ስሙ በመዝገብ ለሰፈረ ልጅ ብቻ ነው። ዕውቅና የሌለው ቡድን ልጁን ከእናቱ ቤት ጀምሮ ቢያሳድገው እንኳ አንዲት ሳንቲም አያገኝም።

እዚህ ላይ ነጋዴ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ «ለልጁ ወጪውን እኔ እሸፍናለሁ፤ ሲሸጥ ግን ግማሹ የኔ ነው» ብሎ ከቤተሰቡ ጋር ይፈራረማል። እንዲህ ያለው ውል ከግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፊፋ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በተጫዋች የወደፊት ዋጋ ላይ ድርሻ ሊኖረው የሚችለው ክለብ ወይም ራሱ ተጫዋቹ እንጂ ሦስተኛ ወገን አይደለም። ከ18 ዓመት በታች የሆነውንም ልጅ ወደ ውጭ አገር ክለብ ማዛወር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ክልክል ስለ ሆነ፣ የ16 ዓመት ልጅ ልውሰድ ብሎ የሚመጣ ደላላ በሩ ላይ መመለስ አለበት። ሰው ደግሞ በሬ አይደለም፤ ልጁና ወላጁ እሺ ሳይሉ የሚፈረም ወረቀት ሁሉ ከንቱ ነው።

እንግዲህ የተባለው ኮሚቴ አጥቂውን ቢቀበል አያስነቅፈውም። የተቀመጠው ጤና አጥቶ ሳይሆን ቦታ አጥቶ እንደ ሆነ ሐኪምም የቀድሞ አሠልጣኙም ከመሰከሩ፣ ለአንድ ዓመት በውሰት መውሰዱ ጥሩ ነው፤ ለመግዛት የሚያስችለውም ዋጋ አሁኑኑ ይጻፍ፤ ጎል ማግባት ከጀመረ በኋላ ዋጋው ይወደዳልና። ሁለቱን ልጆች በአንድ ጊዜ መስጠት ግን አይገባም፤ አንዱ ይበቃል። ለሚሰጠውም ልጅ ወደፊት ሲሸጥ ከዋጋው የተወሰነ መቶኛ ለአሳዳጊው ቡድን እንዲከፈል፣ በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥም ካልተሰለፈ እንዲመለስ በውሉ ይግባ። ትልቁ ክለብ ይህን እንቢ ካለ፣ እንቢታው ራሱ ልጁን ስንት እንደሚገምተው ይናገራል።

ከዚያ በፊት ግን ቡድኑ በስሙ መመዝገብ አለበት። የመተዳደሪያ ደንቡ፣ የኮሚቴው አባላት ስም ዝርዝር፣ የእያንዳንዱ ልጅ የልደት ወረቀትና ፎቶግራፍ፣ ልጁ ወደ ቡድኑ የገባበት ቀን፣ የወላጅ ፊርማ በአንድ ፋይል ተጠርዞ አንዱ ቅጂ ከቡድኑ፣ ሌላው ከክፍለ ከተማው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። ማልያ የሚያሰፋው ነጋዴም ደረሰኙን በዚያው ፋይል ቢያኖር መልካም ነው።